ከጓዳ የገባ ፕሮግራም፤ በሆሞሻ ከታየ አንድ ጉዳይ በመነሣት የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳው የምንፈልገው ነገር በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ የሚነገር፣ ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ግን ብዙም የማይጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ተራ ፕሮግራሞች የሥርዓተ ክወናውን፣ ይልቁንም የእምብርቱን የከርነሉን ውስጣዊ አሠራር ተደግፈው ሲሠሩ ውሎ አድሮ የሚመጣው ጣጣ ነው። ነገር ግን ይህ ጣጣ እስከ ሆሞሻ ድረስ ሄዶ የአንድን አዛውንት ጉዳይ ሲያጓትት በዓይናችን ስላየን፣ አስቀድመን ያየነውን፣ ቀጥለን ምክንያቱን፣ በመጨረሻም ሊደረግ ይገባል የምንለውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ በብዛት በርታዎች የሆኑ የወረዳ ከተማ ናት። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ የመሥሪያ ቤቶቹ መዝገብ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌውን ኮምፒዩተር በአዲስ ለውጦ ነበር። በአሮጌው ላይ የሠራተኞች የአገልግሎት ዘመን መዝገብ ነበረ። ፋይሎቹ አንድም ሳይቀር ወደ አዲሱ ከተገለበጡ በኋላ የአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ ማሽኑ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል። እንግዲህ መዝገቡን የሚከፍተውና የሚያትመው ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ ጨርሶ አልነሣ አለ። የመዝገቡን ፋይል በሌላ ፕሮግራም ብንከፍተውም በአማርኛ ፊደል ፈንታ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀላቀለበት፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ወጣ።

በዚያው ቀን አንድ አዛውንት ለጡረታቸው የአገልግሎት ማስረጃ ሊወስዱ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ልናስረዳቸው ብንሞክር፣ «ልጆቼ፣ መዝገብህ አለ ትሉኛላችሁ፤ መልሳችሁ ደግሞ አይነበብም ትሉኛላችሁ። ታዲያ አለ ነው የሚባለው ወይስ የለም?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም።

ሳሎንና ጓዳ

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ማኅደረ ትውስታ፣ አንድ ዲስክ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ማተሚያ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ እንዳይወስድ፣ ተራም እንዳይዛነፍ የሚያደርገው ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነው። የሥርዓተ ክወናው እምብርት ደግሞ ከርነል ይባላል። ይህ የሥልጣን ልዩነት በፕሮሰሰሩ ራሱ ውስጥ የተሠራ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኢንቴል 80386 ፕሮሰሰር ከ0 እስከ 3 የተቆጠሩ አራት የሥልጣን ደረጃዎች አሉት። እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ባሉ ሥርዓቶች ከርነሉ በደረጃ 0፣ ተራው ፕሮግራም በደረጃ 3 ይሠራል። ተራው ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ወይም ለማተም ሲፈልግ ራሱ አይነካም፤ የሥርዓት ጥሪ በሚባለው በር በኩል ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉም ሠርቶ ውጤቱን ይመልስለታል።

ነገሩን በቤታችን ልማድ ብንመስለው ይቀላል። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል። ውሃ ሲጠማው ይጠይቃል፤ ባለቤቲቱም ከጓዳ ቀድታ ታመጣለታለች። ውሃው በእንስራ ይሁን በጀሪካን፣ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ መቀመጡ የእንግዳው ጉዳይ አይደለም። የተሰጠው ቃል ውሃ እንደሚያገኝ ነው እንጂ እንስራው የት እንደሚቀመጥ አይደለም። አንዳንድ እንግዳ ግን ቤቱን ከመልመዱ የተነሣ ራሱ ጓዳ ገብቶ በጨለማ እየዳበሰ ይቀዳል። ይህን አንድ ዓመት ሙሉ ቢያደርገው ላይሳሳት ይችላል። ባለቤቲቱ እንስራውን ወደ ሌላ ጥግ ያዛወረች ቀን ግን እጁ ቅቤውን ይደፋል። እርሷ በገዛ ጓዳዋ ዕቃዋን ማዛወሯ ጥፋት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ውሃ ያጣው እርሱ ነው።

መደገፍ የሚታይባቸው መንገዶች

ፕሮግራም በከርነሉ ውስጣዊ አሠራር የሚደገፍባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

አንደኛው፣ ከርነሉ ቃል ባልገባበት ነገር ላይ በልማድ ብቻ መተማመን ነው። የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሕትመት ቁጥሩ 2.6 እያለ የሚጀምር ነበር። በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ከ2.6.39 ቀጥሎ 3.0 ተባለ። በውስጡ የተለየ ታላቅ ለውጥ አልነበረም፤ ቁጥሩ ከመርዘሙ የተነሣ እንዲያጥር ተፈልጎ ነው። ሆኖም አንዳንድ ፕሮግራሞች ቁጥሩ ምን ጊዜም 2.6 ብሎ እንደሚጀምር አድርገው ስለ ተጻፉ መሥራት አቆሙ። የከርነሉ ሠሪዎችም 3.0 ራሱን 2.6.40 ብሎ የሚያስተዋውቅበት ልዩ ሁኔታ ጨመሩላቸው። ይህን ያደረጉት የተጠቃሚን ፕሮግራም ማበላሸት አይገባም የሚለውን የሊኑክስ ደንብ ስለሚያከብሩ ነው። ይህ ደንብ ግን የሚጠብቀው በሩን ነው፤ ከርነሉ በውስጡ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መንገድ ከአንዱ ሕትመት ወደ ሌላው ሊለወጥ እንደሚችል በግልጽ ተነግሯል።

ሁለተኛው፣ በመመሪያ ያልተጻፈ፣ ለሌሎች ያልተፈቀደ የውስጥ ጥሪ ፈልጎ መጠቀም ነው። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በግልጽ ታየ። በወሩ መጀመሪያ ሜልትዳውን የተባለ የፕሮሰሰር ጉድለት ይፋ ሆነ፤ በእርሱ ምክንያት ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ማኅደረ ትውስታ ሊያነብ ይችል ነበር። መድኃኒቱ የከርነሉን የማኅደረ ትውስታ ካርታ ከተራው ፕሮግራም ካርታ መለየት ነበር፤ ማለትም ጓዳውን እንደገና ማደራጀት። ነገር ግን አንዳንድ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ወደ ዊንዶውስ ከርነል ማኅደረ ትውስታ ባልተፈቀደ መንገድ ይገቡ ስለ ነበር፣ ማሻሻያው በተጫነ ጊዜ ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ የሚቆም ሆነ። ስለዚህ ማይክሮሶፍት የጸረ ቫይረሱ ሠሪ ፕሮግራሙ ተስማሚ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት በማሽኑ መዝገብ ውስጥ እስኪያኖር ድረስ ማሻሻያውን ለዚያ ማሽን አልሰጥም አለ። ውጤቱን እንመልከት፦ ማሽኑን ይጠብቃል ተብሎ የተጫነው ፕሮግራም ጥበቃው እንዳይደርስ እንቅፋት ሆነ።

ሦስተኛው፣ ከርነሉን ጨርሶ ዘልሎ ስክሪኑን፣ ቁልፎቹንና ማተሚያውን በቀጥታ መንካት ነው። የሆሞሻው ፕሮግራም ከዚህ ወገን ነው። ነገር ግን በእርሱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ለምን እንዲያ ሆኖ እንደ ተሠራ ማየት ይገባናል።

ለአማርኛ ፊደል በር ባልነበረበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1981 የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተርና ዶስ የተባለው ሥርዓቱ ሲወጡ አንድ ፊደል የሚያዘው በአንድ ባይት ነበር። በአንድ ባይት ከ256 የሚበልጥ ምልክት አይያዝም። የእኛ ፊደል 33 ሆኖ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች፣ የቈ፣ የኈ፣ የኰና የጐ ቤተሰብ የሆኑትን 20 ፊደላት ስንጨምርበት 271 ይደርሳል። ሥርዓተ ነጥቡ፣ እንደ ሏና ሟ ያሉት፣ ማሽኑም ለራሱ የሚፈልገው የላቲን ፊደል ገና አልተቆጠሩም። ከዚህም በላይ ዶስ ስለ አማርኛ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። «ሀን ጻፍልኝ» ተብሎ የሚጠየቅበት በር ጨርሶ አልተሠራም ነበር።

ስለዚህ በሀገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያላቸው ምርጫ ጓዳ መግባት ብቻ ሆነ። በዶስ ጊዜ ደግሞ ጓዳው መዝጊያ አልነበረውም፤ ማንኛውም ፕሮግራም የማሽኑን ማንኛውንም ክፍል ለመንካት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ የተባለው የስክሪን ካርድ ፕሮግራም የራሱን የፊደል ቅርጽ እንዲጭንበት ይፈቅዳል። ሁለት ሰንጠረዥ በማቀናጀትም እስከ 512 ቅርጾችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ይቻላል። ለአንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ግን 8 ወይም 9 ነጥብ በ16 ነጥብ ብቻ ነበርና እንደ ጨና ሠ ያሉትን እግራቸው የበዛ ፊደላት በዚያ ውስጥ መሣል ብዙ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። ቁልፍ ሲመታ ማሽኑ የሚሄድበትን አድራሻ በማኅደረ ትውስታው መጀመሪያ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ፍቀው የራሳቸውን ፕሮግራም አድራሻ ተኩበት። ማተሚያውንም እንዲሁ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በፖርቱ በኩል በቀጥታ ላኩለት። በእነዚህ ሰዎች ድካም አማርኛ በኮምፒዩተር ሊጻፍ ቻለ። በር በሌለበት ቤት በመስኮት ገባህ ተብሎ ሰው አይወቀስም።

ቀጥሎ በመጣው በዊንዶውስ ጊዜ መንገዱ ትንሽ ተለወጠ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የየመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ ተሸክመው ነበር። በዚያን ጊዜ የተለመደው ዘዴ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ መሣል፣ ያልበቃውንም በሁለተኛና በሦስተኛ ፎንት ማኖር ነበር። ማሽኑ የላቲን ፊደል የያዘ ይመስለዋል፤ ሰው ግን አማርኛ ያያል። የየፎንቱ አደላደል ልዩ ልዩ ስለ ነበረ፣ በአንዱ ሀ የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ይሆናል። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ የሚታየው የላቲን ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

በሩ በኋላ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ የሆኑ ቁጥሮች ሰጠ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ከዚህ ወዲያ አማርኛ ለመጻፍ ጓዳ መግባት አላስፈለገም። ጓዳውም በበኩሉ እየተዘጋ ሄደ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ቀድሞ ለድርጅቶች ብቻ የነበረውን የኤንቲ ከርነል ለሁሉም አደረሰ፤ ይህ ከርነል ተራ ፕሮግራም ፖርቶችን በቀጥታ እንዲነካ አይፈቅድም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የዶስን ዘመን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ጨርሶ አያስነሣም፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የሚገኘውም በ64 ቢት ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ በየቢሮው አሮጌውን በአዲስ የመለወጡ ሥራ ይበረታል። የአሮጌ መዝገብ ጉዳይ የሚነሣውም በዚሁ ጊዜ ነው።

በሆሞሻ ያገኘነው

ወደ ሆሞሻው መዝገብ እንመለስ። ፕሮግራሙን ስንመረምረው ባለ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ነበር። የፊደሉን ቅርጽ ለስክሪኑ በሁለት ሰንጠረዥ ይጭናል፤ ለዶት ማትሪክስ ፕሪንተሩም በፖርቱ በኩል በቀጥታ ይልካል። አዲሱ ማሽን ያ ፖርት እንኳ የለውም። ጽሑፉ በፋይል የተቀመጠው ፕሮግራሙ ብቻ በሚያውቀው ቁጥር ነው። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነበሩ ማለት ነው፦ አንዱ የፕሮግራሙ መሞት፣ ሌላው የጽሑፉ መዘጋት።

ለመጀመሪያው ዶስቦክስ የተባለውን፣ የድሮውን ማሽን ከነጓዳው አስመስሎ የሚያቀርብ ፕሮግራም ተጠቀምን። በዚያ ውስጥ መዝገቡ ተከፈተ፤ አማርኛውም በስክሪኑ ላይ ታየ። ለሁለተኛው በስክሪኑ የሚታየውን ፊደል በፋይሉ ካለው ቁጥር ጋር እያስተያየን የፊደልና የቁጥር ሰንጠረዥ አዘጋጀን፤ በእርሱም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ገለበጥነው። ይህ ሁለት ቀን ፈጀብን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር ይገባናል። በመጀመሪያው ግልበጣ አንድ ቁጥር አንድ ፊደል ብቻ ነው ብለን አሰብን። በእውነቱ ግን አንዱ ቁጥር በፊቱ ባለው ምልክት መሠረት ወይ የመጀመሪያውን ወይ የሁለተኛውን ሰንጠረዥ ፊደል ያመለክት ነበር። እኛ ምልክቱን እንደ ቆሻሻ ቆጥረን ጥለነዋል። ውጤቱ ጥርት ያለ፣ የሚነበብ አማርኛ ሆኖ ወጣ፤ የአዛውንቱ የአባት ስም ግን የሌላ ሰው ስም ሆኖ ነበር። ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው። የማይነበብ መዝገብ ቢያንስ አለመነበቡ ይታወቃል፤ ተሳስቶ የሚነበበው ግን ሰውን ከመብቱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን አስገብተን ሥራውን እንደገና ጀመርን፤ እያንዳንዱን ስምም ከአሮጌው የወረቀት ፔሮል ጋር አመሳከርን። መሥሪያ ቤቱ የአዛውንቱን ማስረጃ የጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ፔሮላቸው ያልተገኘ ሠራተኞች መዝገብ ግን «ያልተመሳከረ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ቀረ።

ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ የምንማረው ቀድሞ የሠሩትን መውቀስ አይደለም። ይልቁንም ዛሬ በር እያለ ከጓዳ የምንገባው እኛ ተጠያቂዎች ነን። የስልክ ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎች አንድን ሥራ ለማቃለል ስንል የአንድሮይድን ስውር የውስጥ ጥሪዎች ለመጠቀም እንፈተናለን፤ አንድሮይድ ግን ከ9ኛው ሕትመት፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን መከልከል ጀምሯል። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እናሳስባለን።

አንደኛ፣ አንድ ነገር ዛሬ ስለ ሠራ ብቻ ቃል የተገባ አይምሰለን። መመሪያው ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ እንመልከት፤ ካልተጻፈ ጓዳ ውስጥ ነን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በር ጨርሶ ከሌለና መግባት ግድ ከሆነ፣ የገባንበትን ሥራ በፕሮግራሙ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንወስነው፤ ምን እንደ ነካንና ለምን እንደ ነካን ከጎኑ እንጻፍ። በሆሞሻ የፊደሉ ሰንጠረዥ በአንዲት ወረቀት ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ ሁለቱ ቀን ሁለት ሰዓት በሆነ ነበር፤ የአባት ስምም ባልተዛባ ነበር።

ሦስተኛ፣ መዝገብን ከፕሮግራም እንለይ። ፕሮግራም ከማሽኑና ከከርነሉ ጋር ያረጃል፤ የሰው የአገልግሎት ዘመን፣ የመሬት ይዞታ፣ የትምህርት ውጤት ግን ከማሽኑ በላይ መኖር አለበት። ስለዚህ ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ቀላል መልክ ይቀመጥ፤ ማሽን በሚለወጥበት ጊዜም አሮጌው ከመነሣቱ አስቀድሞ መዝገቡ በአዲሱ ላይ ተከፍቶ ይነበብ። የፋይሉ መገልበጥ ብቻውን በቂ አይደለም።

አራተኛ፣ በር የሌለበት ቦታ በር እንዲሠራ እንጠይቅ። ለዚህ ከክልሉ ራሱ ምሳሌ አለን። ዩኒኮድ በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል ለጉሙዝ ቋንቋ የሚያስፈልጉ አንዳንድ ፊደላት አልገቡም ነበር። እነዚህ ከባስኬቶና ከጋሞ ጎፋ ዳውሮ ፊደላት ጋር፣ በጠቅላላው 32 ሆነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 6.0 ገቡ። በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት በእነዚህ ፊደላት በኮምፒዩተር መጻፍ የፈለገ ሰው በራሱ ፎንት ውስጥ በራሱ ቁጥር ከማኖር በቀር መደበኛ መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ የተከፈተውም ጠያቂ ስለ ተገኘ ነው።

መደምደሚያ

አዛውንቱ የጠየቁን ጥያቄ አሁን መልስ ያገኘ ይመስለናል። ፋይሉ በዲስኩ ላይ አለ፤ ነገር ግን መነበቡ የተመሠረተው ማንም ቃል ባልገባበት የማሽን ጠባይ ላይ ስለ ነበረ፣ ማሽኑ ሲለወጥ መዝገቡ ለባለቤቱ እንደሌለ ሆነ። ከርነሉን የለወጡት ሰዎች ሆሞሻን አያውቋትም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውም ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘንም። በረንዳው ላይ ሆነው የጠበቁት ግን አዛውንቱ ናቸው።

ያየነው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለ ሆነ ከዚህ ተነሥተን ስለ ሁሉም ልንፈርድ አንችልም። አንባቢዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በየወረዳው ያሉትን አሮጌ መዝገቦች ተመልክታችሁ ያገኛችሁትን በዚሁ መጽሔት ብታካፍሉን ደስ ይለናል። በሆሞሻ ያዘጋጀነውን የፊደል ሰንጠረዥ ግልባጭም ለመሥሪያ ቤቱ ትተንለት መጥተናል።